ባለቤት ያጣው መርከብ፦ ስለ ባሕር አስተዳደርና ስለ ሰው ደኅንነት

ስለ ባሕር ሕግ ለመጻፍ ማሰባችንን የሰማ አንድ የክፍላችን ተማሪ፥ «ወደብ ለሌለው አገር ልጅ የውቅያኖስ ሕግ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ለቀልድ የተጣለ ቢሆንም ስቀን ልናልፈው አልወደድንም። እርግጥ ነው፥ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የጅቡቲን ባሕር ለማየት የሚፈልግ ሰው ከሰባት መቶ ኪሎሜትር በላይ መጓዝ አለበት። ነገር ግን ገበሬው በማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ፥ አውቶቡሱን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ፥ በሐኪም ቤት የሚታዘዘው መድኃኒት አብዛኛው አስቀድሞ የመርከብ ጭነት ነበረ። ስለዚህ ለጓደኛችን በክርክር ከመመለስ ይልቅ የአንድ መርከብ ታሪክ ልንነግረው መረጥን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት በአርእስቱ ስላሉት ሁለት አሳቦች ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የባሕር አስተዳደር ስንል ባሕሩን ራሱን ማስተዳደር ማለታችን አይደለም፤ ማዕበልና ዓሣ ለአዋጅ አይታዘዙም። የሚተዳደሩት በባሕር ላይ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። ማን በየት በኩል ዓሣ እንደሚያጠምድ፥ በአንድ መርከብ ላይ ሥልጣን ያለው ማን እንደ ሆነ፥ ጕዳት ሲደርስ ማን እንደሚከፍል፥ ሰው ሲሰጥም ማን ማዳን እንዳለበት የሚወስኑት ውሎች፥ መሥሪያ ቤቶችና ልማዶች በአንድነት የባሕር አስተዳደር ይባላሉ። የሰው ደኅንነት የሚለው አነጋገር ደግሞ በሰፊው የታወቀው የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ1994 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት ነው። ከዚያ በፊት ደኅንነት ሲባል የሚታሰበው የመንግሥት ዳር ድንበር ነበር። ሪፖርቱ ግን ጥያቄውን ወደ ሰውየው አዞረው፤ ይኸውም ሰውየው ነገ ይበላል ወይ፥ ሥራው ይቈያል ወይ፥ የሚጠጣው ውሃ ንጹሕ ነው ወይ፥ ሕይወቱስ ከድንገተኛ አደጋ የተጠበቀ ነው ወይ የሚል ነው።

ታሪኩን የምንነግረው መርከብ ሳፊር ይባላል። ስሙን ያገኘው በየመን በማሪብ አውራጃ ከሚገኝ ሳፊር ከሚባል ቦታ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ግን «ከሌላው ይልቅ አደጋ የሌለበት» የሚል ቃል ሆኖ ይነበባል፤ ወደ ፊት እንደምናየው ይህ የስም አጋጣሚ መራራ ቀልድ ነው። መርከቡ በ1976 በጃፓን አገር የተሠራ ነዳጅ ጫኝ ሲሆን ርዝመቱ ከ360 ሜትር ይበልጣል። ከዐሥር ዓመት ያህል አገልግሎት በኋላ በባሕር ላይ የሚቆም የነዳጅ ማጠራቀሚያ እንዲሆን ተለወጠና በ1988 በየመን ምዕራባዊ ጠረፍ፥ ከራስ ዒሳ 9 ኪሎሜትር ያህል ርቆ ታሰረ። ከማሪብ የሚመጣው ያልተጣራ ነዳጅ ከ400 ኪሎሜትር በላይ በሆነ ቧንቧ ተጉዞ በዚህ መርከብ ይጠራቀማል፤ ሌሎች መርከቦችም እየመጡ ይቀዱለታል። ባለቤቱ የየመን መንግሥት የነዳጅ ኩባንያ ነበረ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ ሥርዓት ያለው ነው።

በ2015 ጦርነቱ ሲስፋፋ ራስ ዒሳና አካባቢው ሁቲዎች በሚባሉት በአንሳር አላህ ኃይሎች እጅ ወደቀ። የመርከቡ ሕጋዊ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ግን ዓለም በሚያውቀው መንግሥት ሥር ነበር። እንግዲህ መርከቡ ያለው በአንዱ እጅ፥ የባለቤትነቱ ወረቀት ያለው በሌላው እጅ ሆነ። በሆዱ ውስጥ 1.14 ሚሊዮን በርሚል ነዳጅ ተኝቷል፤ ሁለቱም ወገኖች ገንዘቡን ይፈልጉታል፤ የጥገናውን ወጪ ግን ሊሸከም የፈቀደ አልተገኘም።

ነዳጅ የተኛበት መርከብ ሳይጠገን ሲቀር ምን እንደሚሆን ማስረዳት ይገባናል። ያልተጣራ ነዳጅ በታንክ ውስጥ ሲቀመጥ ከላዩ የሚቀጣጠል እንፋሎት ይሰበስባል። ስለዚህ ከነዳጁ በላይ ባለው ባዶ ቦታ እሳት የማይዝ ጋዝ ዘወትር ይነፋል፤ ይህም ኦክሲጅኑን ስለሚያባርር አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ብትገባ እንኳ ፍንዳታ አይነሣም። በሳፊር ላይ ይህን ጋዝ የሚያዘጋጀው መሣሪያ በ2017 ሥራውን አቆመ። በላዩ ላይ የቀይ ባሕር ውሃ ጨዋማና ሞቃት በመሆኑ ብረትን ይበላል። በግንቦት 2020 የባሕር ውሃ በተበላሸ ቧንቧ በኩል ወደ ሞተር ክፍሉ ገባ፤ በመርከቡ የቀሩት ጥቂት ሠራተኞችና ጠላቂ ዋናተኞች ተረባርበው እንደ ምንም ደፈኑት። ደመወዛቸው በወጉ የማይደርሳቸው ጥቂት ሰዎች በዚያ ሳምንት የቀይ ባሕርን ደቡባዊ ክፍል በእጃቸው ይዘውት ነበር ብንል ከእውነት አልራቅንም።

መርከቡ ቢሰበር ኖሮ ምን ይከተል እንደ ነበር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሊቃውንት ገምተዋል። ነዳጁ በ1989 በአላስካ ኤክሶን ቫልዴዝ ከተባለው መርከብ ከፈሰሰው አራት እጥፍ ያህል ነው። ለማጽዳት ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልግ ነበር። በየመን ጠረፍ ዓሣ በማጥመድ ከሚኖሩት መካከል የ200,000 ሰዎች መተዳደሪያ ወዲያውኑ ይጠፋ ነበር። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ሆዴይዳና ሳሊፍ የተባሉት ወደቦች ይዘጉ ነበር፤ በጦርነት ለተራበው ለየመን ሕዝብ የሚላከው እህልና መድኃኒት በብዛት የሚገባው በእነዚህ በኩል ነው። የባሕሩን ውሃ እያጣሩ ለመጠጥ የሚያቀርቡት ፋብሪካዎችም ይቆሙ ነበር። እንደ ነፋሱና እንደ ወራቱ ነዳጁ ወደ ኤርትራ፥ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ጅቡቲም ሊደርስ ይችላል ተብሎ ነበር። ኢትዮጵያ ከውጭ ንግዷ ከመቶ ዘጠና በላይ የሆነውን የምታስተላልፈው በጅቡቲ በኩል መሆኑን አንባቢ ያውቃል።

ታዲያ ይህን ያህል ጕዳት ሊያደርስ የሚችል ነገር በግልጽ እየታየ ለምን ስምንት ዓመት ሙሉ ቆመ? ይህን ለመረዳት የባሕር ሕግ እንዴት እንደ ተሠራ ትንሽ ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ግድ ይላል።

ሁጎ ግሮቲዩስ የተባለው የሆላንድ የሕግ ሊቅ በ1609 ባወጣው «ነፃ ባሕር» በተባለ መጽሐፉ ውቅያኖስ የማንም ርስት ሊሆን አይችልም ብሎ ተከራከረ። (ሊቁ የሚሟገተው በምሥራቅ ለሚነግደው ለአገሩ ኩባንያ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም፤ ብዙ ጊዜ የነፃነት ክርክር የሚነሣው መርከብ ካለው ሰው ነው።) ይሁን እንጂ የጠረፍ መንግሥታት ከምድራቸው አጠገብ ያለውን ውሃ አልለቀቁም። የመድፍ ጥይት እስከሚደርስበት ያለው ባሕር የባለ ጠረፉ ነው የሚል ልማድ ተነሣ፤ ይህም ሦስት የባሕር ማይል ተብሎ ተቈጠረ። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። በ1958 በዤኔቭ የተሰበሰበው ጉባኤ አራት ውሎች ሲያወጣ የግዛቱን ባሕር ስፋት ግን ሊወስን አልቻለም፤ በ1960 የተሰበሰበው ሁለተኛው ጉባኤም በአንድ ድምፅ ጕድለት ሳይስማማ ተበተነ። በኅዳር 1967 የማልታ አምባሳደር አርቪድ ፓርዶ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተነሥቶ፥ ከመንግሥታት ሥልጣን ውጭ ያለው የባሕር ወለል የሰው ልጅ የጋራ ቅርስ ይባል ሲል አሳሰበ። ከዚያ በኋላ ከ1973 እስከ 1982 የቈየ ሦስተኛ ጉባኤ ተካሄደና ታኅሣሥ 10 ቀን 1982 የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ውል በጃማይካ ለፊርማ ቀረበ። በሥራ ላይ የዋለው በ1994 ነው።

ውሉ 320 አንቀጾች አሉት፤ ሁሉን ለመዘርዘር ቦታ የለንም። ለጕዳያችን የሚያስፈልገው ግን ሥልጣን በሁለት ዓይነት መንገድ መከፋፈሉ ነው። አንደኛው በውሃው ነው። ከጠረፍ እስከ 12 ማይል፥ ማለት 22 ኪሎሜትር ያህል፥ ያለው ባሕር የባለ ጠረፉ ግዛት ነው፤ የሌላ አገር መርከብ በሰላም የማለፍ መብት ብቻ አለው። ከዚያ ወዲያ እስከ 200 ማይል ድረስ ያለው ልዩ የኤኮኖሚ ክልል ይባላል፤ ዓሣውና በወለሉ ያለው ሀብት የባለ ጠረፉ ሲሆን መንገዱ ግን ለሁሉ ክፍት ነው። የቀረው ክፍት ባሕር ነው። ሁለተኛው ክፍፍል በሰንደቅ ዓላማ ነው። ማናቸውም መርከብ የአንድ አገርን ሰንደቅ ዓላማ ያውለበልባል፤ በክፍት ባሕር ላይ ሲሆን ለዚያ አገር ሕግ ይታዘዛል። አሠራሩ ያማረ ነው። የሚሠራው ግን በጠረፉ ላይ የተረጋጋ መንግሥት ሲኖርና የሰንደቅ ዓላማው ባለቤት መርከቡን ሲቈጣጠር ነው።

እንግዲህ ሳፊርን በዚህ ሚዛን እንመዝን። መርከቡ የታሰረው ከጠረፉ በ9 ኪሎሜትር ላይ ስለ ሆነ ያለ ጥርጥር በየመን ግዛት ውስጥ ነው። ጎረቤቶቹ አገሮች ነዳጁ ነገ ጠረፋቸውን እንደሚያጠፋው ቢያውቁም ገብተው ሊጠግኑት መብት የላቸውም። የባሕር ሕጉ ውል በ192ኛው አንቀጽ መንግሥታት ሁሉ ባሕርን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል፤ በ198ኛው አደጋ ሲቃረብ እንዲያስታውቁ፥ በ199ኛውም አስቀድመው በኅብረት እንዲዘጋጁ ያዛል። ነገር ግን «የጎረቤትህ ቤት ሊቃጠል ነውና ቈልፉን ሰብረህ ግባ» የሚል አንቀጽ የለበትም። የካሣ ሕጉን ብንመለከት ደግሞ፥ በዓለም አቀፍ ውል ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ኢንሹራንስ ገብተው ለሚያደርሱት ጕዳት እንዲከፍሉ ተደንግጓል። ይህ ውል የተጻፈው ነዳጅ ጭነው ለሚጓዙ መርከቦች ነው እንጂ ለዓመታት ታስሮ ለሚቆም ማጠራቀሚያ ታስቦ አይደለም፤ በዚያ ላይ በጦርነትና በእርስ በርስ ውጊያ ምክንያት ለሚመጣ ጕዳት ባለ መርከቡ ተጠያቂ እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል። ዓሣ አጥማጁ ቤተ ሰቡን ይዞ በየትኛው ደጅ ቆሞ ይጩህ? እኛ ፈልገን ደጁን አላገኘነውም።

የጸጥታው ምክር ቤት በሐምሌ 2020 ስለ ሳፊር ብቻ ለመነጋገር ተሰበሰበ። ሁቲዎቹ መርማሪዎች እንዲገቡ ፈቀዱ፤ ከዚያም ስለ ዝርዝሩ ክርክር ተነሣና ፈቃዱ ሳይሠራበት ቀረ። ስምምነት የተፈረመው በመጋቢት 2022 ነው። ከዚያ በኋላ የነበረው ችግር ገንዘብ ነበር። የሚያስፈልገው በጠቅላላው 144 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው ተባለ፤ በግንቦት 2022 በተጠራው የእርዳታ ጉባኤ ግን 33 ሚሊዮን ብቻ ቃል ተገባ። ሃያ ቢሊዮን ዶላር ከሚያስከፍል ጥፋት ለመዳን መቶ አርባ አራት ሚሊዮን ጠፍቶ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደ እድር ሰብሳቢ ከየሰዉ ቤት መለመን ጀመረ። በአሜሪካ በሜሪላንድ የሚገኙ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች 200 ዶላር አዋጥተው ላኩ። እነዚህን ልጆች እናመሰግናለን፤ ይሁን እንጂ ባሕር በሕፃናት መዋጮ የሚጠበቅ ከሆነ ውሉን የጻፉት ሊቃውንት ሥራቸው ገና አላለቀም።

በመጨረሻ ድርጅቱ በ2023 ናውቲካ የተባለ ትልቅ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በ55 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። መርከብ መግዛት የድርጅቱ ልማድ አይደለም፤ ነገር ግን ሊያከራይ የሚደፍር ሰው በቀላሉ አልተገኘም። በጦርነት አካባቢ ባለ፥ ሊፈነዳ በሚችል መርከብ አጠገብ ለሚሠራ ሥራ ኢንሹራንስ የሚሰጥ መፈለግም ራሱን የቻለ ድካም ነበር። በግንቦት መጨረሻ የሆላንድ ባለ ሙያዎች ደርሰው በመጀመሪያ እሳት የማይዘውን ጋዝ ወደ ታንኮቹ ነፉ፤ ብረቱን መረመሩ፤ ከዚያም ናውቲካ ከሳፊር ጎን ተጠጋና በትላልቅ ቱቦዎች ነዳጁን መቅዳት ጀመሩ። ሥራው ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 11 ቀን 2023 ድረስ 18 ቀን ወሰደ። ከዝቃጭ ጋር ተቀላቅሎ ከቀረው ከመቶ ሁለት እጅ ከማይሞላው በስተቀር ነዳጁ በሙሉ ወጣ። አንዲት ጠብታ ባሕሩን ሳታበላሽ የተፈጸመ ሥራ ስለ ሆነ በጋዜጦች ብዙ አልተወራለትም፤ ያልደረሰ ጥፋት ፎቶግራፍ የለውም።

ከዚህ ታሪክ ጋር ሌላ ታሪክ ማነጻጸር ይቻላል። ከባብ ኤል መንደብ ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ከ3,000 ኪሎሜትር በላይ የሆነውን የሶማሊያን ጠረፍ ያገኛል። የዚያ አገር መንግሥት በ1991 ከፈረሰ በኋላ የውጭ አገር ዓሣ አጥማጅ መርከቦች ያለ ፈቃድ ገብተው የባለ አገሩን ዓሣ ይጠርጉ ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም እንደሚባለው ነው። የጠረፉ ወጣቶችም ባሕራችንን እንጠብቃለን በሚል ምክንያት መሣሪያ አነሡ። ይህን ምክንያት በሙሉ እንቀበል አንልም፤ ምክንያቱም ነገሩ ወዲያው ጌቶች ያሉት የማስለቀቂያ ገንዘብ ንግድ ሆነ፤ የተያዙትም መርከበኞች አብዛኛዎቹ ከፊሊፒን፥ ከህንድና ከመሳሰሉት አገሮች የመጡ ድኾች ነበሩ። ግን መነሻው የፈረሰ አስተዳደር መሆኑ አይካድም።

በ2008 ሳውዲ ዐረቢያ የጫነችውን 2 ሚሊዮን በርሚል ነዳጅ የያዘው ሲሪየስ ስታር የተባለ መርከብ በወንበዴዎች ሲያዝ ዓለም ደነገጠ። የጸጥታው ምክር ቤት በዚያው ዓመት በሰኔ በውሳኔ ቍጥር 1816 የውጭ የጦር መርከቦች በሶማሊያ መንግሥት ፈቃድ ወደ ግዛት ባሕሯ ገብተው ወንበዴ እንዲያሳድዱ ፈቅዶ ነበር። ብዙ መንግሥታት የጦር መርከቦቻቸውን ላኩ። በ2011 ሶማሌ ወንበዴዎች ያደረሱት ጥቃት 237 ደርሶ ነበር፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ እጅግ አነሰ። እንግዲህ አስተውሉ፤ የዓለም ንግድ ሲነካ የግዛት ባሕር በር በአንድ ውሳኔ ተከፈተ። የዓሣ አጥማጆች ኑሮ በአንድ አሮጌ መርከብ ሆድ ውስጥ ተሰቅሎ ሲያድር ግን የበሩ ቈልፍ እጅግ የተከበረ ሆነ። ሁለቱ ጕዳዮች በሕግ ፊት አንድ አይደሉም ብሎ የሚከራከረን የሕግ ተማሪ አይጠፋም፤ በሶማሊያ የባለ አገሩ መንግሥት ፈቅዷል፥ በራስ ዒሳ ግን መሣሪያ የያዘው ክፍል አልፈቀደም ይለናል። ትክክል ነው። እኛ የምንለው ሕጉ ተጣሰ አይደለም፤ ሕጉ ለመርከብ የተቻኰለውን ያህል ለጠረፍ ሰው አልተቻኰለም ነው።

በዚያው ዘመን አካባቢው ራሱ ያደረገው ነገር መረሳት የለበትም። ጥር 29 ቀን 2009 በጅቡቲ ወንበዴነትን በኅብረት ለመከላከል አንድ የሥነ ምግባር ደንብ ሲፈረም ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ፈራሚዎች አንዷ ጠረፍ የሌላት ኢትዮጵያ ነበረች።

ስለ ሰንደቅ ዓላማው ሁለተኛ ክፍፍል ደግሞ የሩቢማር ታሪክ ይበቃል። ውሉ በ91ኛው አንቀጹ በመርከቡና ሰንደቅ ዓላማውን በሰጠው አገር መካከል እውነተኛ ግንኙነት ሊኖር ይገባል ይላል። በተግባር ግን ባለ መርከቡ በአንድ አገር፥ ሥራ አስኪያጁ በሌላ፥ ሰንደቅ ዓላማው ደግሞ ቀረጡና ቍጥጥሩ ቀላል ከሆነበት ከሦስተኛ አገር የተወሰደ መሆኑ የተለመደ ነው። የቤሊዝን ሰንደቅ ዓላማ ያውለበልብ የነበረው ሩቢማር የካቲት 18 ቀን 2024 ከሁቲዎች በተተኰሰ ሚሳይል ተመታ። 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ ጭኖ ነበር። ሠራተኞቹ ከተረፉ በኋላ መርከቡ መልህቁን እየጐተተ ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻውን ተንሳፈፈ፤ 29 ኪሎሜትር የሚደርስ የዘይት ንጣፍም በባሕሩ ላይ ተወ። ጐትቶ ወደ ወደብ የሚያስገባው ሳይገኝ መጋቢት 2 ቀን ሰጠመ። በዚያ ጕዞ መልህቁ በባሕር ወለል የተዘረጉትን ሦስት የመገናኛ ገመዶች እንደ በጠሰ ይታመናል። እኛ በቤተ መጻሕፍታችን ተቀምጠን የምናነበው የኢንተርኔት መገናኛ በአብዛኛው የሚመጣው በጅቡቲ በኩል ከእንደዚህ ያሉ ገመዶች ነው። ከቤሊዝ ዋና ከተማ እስከ ባብ ኤል መንደብ ያለውን ርቀት በካርታ ላይ የለካ ሰው፥ የሰንደቅ ዓላማው ባለቤት ሊረዳ ይችል የነበረውን ያህል ሊገምት ይችላል።

ሰንደቅ ዓላማም፥ ስምም፥ ኢንሹራንስም የሌላቸው ሌሎች ጀልባዎች በዚያው ባሕር ላይ ይመላለሳሉ። ከኦቦክና ከቦሳሶ ጠረፍ በሌሊት ተነሥተው ወደ የመን የሚሻገሩት ናቸው፤ ከተሳፋሪዎቹም አብዛኛዎቹ የኛው አገር ልጆች ናቸው። ሚያዝያ 8 ቀን 2024 በጅቡቲ ጠረፍ በጎዶርያ አጠገብ ከየመን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንን የያዘች ጀልባ ተገልብጣ በትንሹ 38 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ውስጥ ልጆች ነበሩ። ነሐሴ 3 ቀን 2025 ከ150 በላይ ሰዎችን፥ ይልቁንም ኢትዮጵያውያንን፥ የጫነች ጀልባ በየመን በአብያን ጠረፍ ሰጥማ በትንሹ 68 ሰዎች ሞቱ።

በባሕር የሚሰጥምን ሰው የማዳን ግዴታ ከባሕር ልማዶች ሁሉ ጥንታዊው ሳይሆን አይቀርም። ታይታኒክ በ1912 ከሰጠመ በኋላ በ1914 በውል ተጻፈ፤ በ1979 በሐምቡርግ በተፈረመው ውል ዓለም በሙሉ በፍለጋና በማዳን ክልሎች እንዲከፋፈል ተወሰነ፤ የ1982ቱ ውልም በ98ኛው አንቀጹ ማናቸውም የመርከብ አዛዥ መርከቡን ለአደጋ ሳያጋልጥ በችግር ላይ ያለን ሰው ሁሉ እንዲረዳ ያስገድዳል። ሰውየው ፓስፖርት ይኑረው አይኑረው አይጠየቅም። ዳሩ ግን ግዴታው የሚፈጸመው የሚያይ ሲኖር ነው። ለፍለጋ የሚሆን መርከብ፥ ሬዲዮና ነዳጅ በሌለበት ጠረፍ የሰጠመውን ፈልጎ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ የአካባቢው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሳፊር መተዳደሪያውን ሊያጠፋበት የነበረው ያው ሰው። ይህን ስናነብ የባሕር አስተዳደር ማለት ለኛ አገር በመጀመሪያ የወደብ ኪራይ ጕዳይ ነው ብለን የጀመርነውን አሳብ ለማረም ተገደድን። በዚያ ባሕር ላይ ካለን ነገር ሁሉ ብዙው ሰው ነው።

ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። ኢትዮጵያ በ1982 ውሉ ለፊርማ ሲቀርብ ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። በፈረመችበት ቀን በቀይ ባሕር ላይ ከምጽዋ እስከ አሰብ ጠረፍ ነበራት፤ የግዛት ባሕርና የኤኮኖሚ ክልል የሚሉት ምዕራፎች የርሷ ነበሩ። በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ያው ውል ሳይለወጥ አንባቢዋ ሌላ ገጽ እንድትገልጥ ተገደደች። በአዲሱ ገጽ ያለው እንዲህ ነው። በ90ኛው አንቀጽ ጠረፍ የሌለውም አገር በሰንደቅ ዓላማው መርከብ የማሠማራት መብት አለው፤ በ1964 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ከ1993 በኋላም በዚህ መብት መርከቦቹን አሠማርቷል። በ125ኛው አንቀጽ ወደ ባሕር የመድረስና በጎረቤት አገር የመተላለፍ መብት አለው፤ ዝርዝሩ ግን ከጎረቤቱ ጋር በሚደረግ ስምምነት ይወሰናል፤ ማለት መብቱ የሁሉ ነው፥ ቍልፉ የጎረቤት ነው። በ69ኛው አንቀጽ ባለ ጠረፉ ሊያጠምደው ካልቻለው ትርፍ ዓሣ በስምምነት ሊካፈል ይችላል። ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ ተጠቅሞ ዓሣ የበላ ኢትዮጵያዊ እስካሁን አላጋጠመንም።

በዚህ መካከል አዳዲስ ሕጎች መውጣታቸውን አላቋረጡም። ከመንግሥታት ሥልጣን ውጭ ባለው ባሕር የሚገኙትን ሕያዋን ፍጥረቶች ለመጠበቅ በሰኔ 2023 የጸደቀው ውል 60 አገሮች ካጸደቁት በኋላ በጥር 2026 በሥራ ላይ ውሏል። ክፍት ባሕር ተመልካች ማግኘቱ ደስ ያሰኛል። ቀይ ባሕርን ግን ብዙ አይነካውም፤ ባሕሩ ጠባብ ስለ ሆነ ከዳር እስከ ዳር የአንዱ ወይም የሌላው መንግሥት ክልል ነው፤ ሳፊርም የታሰረው በባለ ቤት ግቢ ውስጥ ነበር።

ነዳጁን የተቀበለው ናውቲካ ስሙ «የመን» ተብሎ ተለውጦ ለየመን ተሰጠ። አሮጌውን ሳፊርን ጐትቶ ወደሚቈራረጥበት ቦታ የመውሰዱ ሥራ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ በሚደርሰው ጥቃት ምክንያት በ2024 ተቋረጠ። ነዳጁ ከአንድ መርከብ ወደ ሌላው ሲዛወር ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ አልተወሰነም ነበር፤ ውሳኔው ለሰላሙ ንግግር ተትቶ ሁለቱ መርከቦች በዚያው በራስ ዒሳ ጠረፍ ቀሩ።